አክተሩ አይሞትም? ፊልም ለምትወዱ የድሬ ልጆች

ልጆቼ፣

ድሬ ላይ የፊልም ክርክር ከተነሳ በርጫው ሳይበተን አይበርድም። ከዚራ ጥላ ሥር ተጀምሮ ባጃጅ ውስጥ ይቀጥላል፤ ሳቢያን ሲደርስ ሾፌሩም ሒሳቡን እየተቀበለ የራሱን አክተር ጨምሮበት ይሄዳል። የክርክሩ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው ያለው፦ «አክተሩ አይሞትም»። ጓደኛው ይሞታል፣ ወንድሙ ይሞታል፣ ፈረሱም ከፈለገ ይሞታል፤ አክተሩ ግን ሦስት ጥይት በልቶ፣ ትከሻውን በቅዳጅ ጨርቅ ጠምጥሞ ይነሳል።

ዕድሜውን ከፊልም ማሽን ጎን የጨረሰ ሰው ከአክተር ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለውም። ውደዱ። ፖስተሩን ለጥፉ፣ አረማመዱንም ቅዱ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ የምትወዱት ጀግና በስንት ሰው እጅ እንደተሠራ እወቁ። ማወቁ ደስታችሁን አይቀንስባችሁም፤ እንዲያውም አንዱን ፊልም አምስት ጊዜ ለማየት ጥሩ ሰበብ ይሆናችኋል።

የሕንድ ፊልም በእኛ አገር የሁሉም አያት ስለሆነ ከሾሌ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 የወጣ፣ ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም ነው። ሁለት ሌቦች አሉ፤ ለፍላፊው ቪሩ ዳርሜንድራ ነው፣ ዝምተኛው ጄይ አሚታብ ባቻን። ጄይ መወሰን ሲቸግረው ሳንቲም ይወረውራል። መጀመሪያ ባቡር ላይ ይወረውራታል፦ የቆሰለውን ፖሊስ ጥለው ያምልጡ ወይስ ሐኪም ቤት ያድርሱት? ሳንቲሟ «አድርሱት» ትላለች። ተመልካች ፈገግ ብሎ ይረሳታል። ኋላ ድልድዩ ላይ ሽፍቶቹን ለመግታት ማን እንደሚቀር የምትወስነውም ይህችው ሳንቲም ናት። ጄይ ይቀራል፤ ይሞታል። ቪሩ ሳንቲሟን አንስቶ ሲያገላብጣት ሁለቱም ፊቷ አንድ ሆኖ ያገኘዋል።

ሕጉ ተጣሰ፤ አክተሩ ሞተ። ሰው የሚያለቅሰው ግን ሳንቲሟ ከመጀመሪያው ስለተተከለች ነው። ድልድዩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብትታይ ኖሮ «ኧረ አቦ!» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ዕቃ መከታተል ይሁን፤ ሳንቲም፣ ቀለበት፣ ደብዳቤ፣ ባርኔጣ። ካሜራው ያለ ግልጽ ምክንያት አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ሰከንድ ከቆመ ደቂቃውን ጻፉ። ያው ዕቃ ሁለተኛ ሲመጣ ከሥሩ ጨምሩ፤ ሦስተኛ ከመጣ የፊልሙን ቁልፍ ሳታገኙት አትቀሩም። በአዳዲስ ፊልሞች ግን ተጠንቀቁ፤ ሦስት ጊዜ የታየው የሚያብረቀርቅ ስልክ ከሆነ ምሥጢሩ ማስታወቂያ ነው።

ከዚያው ፊልም አንድ ትዕይንት ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ሽፍታው ጋባር ሲንግ ፊልሙ ከተጀመረ ብዙ ቆይቶ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ስሙን ብቻ እንሰማለን። ሲመጣም ፊቱ አይታይም፤ ቡትስ ጫማ ድንጋይ ላይ ሲራመድ፣ ጥይት የተሰካበት ቀበቶ እየተጎተተ ድንጋዩን ሲፍቅ ነው የሚታየው። ከጫማውና ከቀበቶው ድምፅ በቀር ብዙ ነገር የለም። አምጃድ ካን ያኔ ስመ ጥር ተዋናይ አልነበረም፤ ያ ጫማና ያ ቀበቶ ናቸው አፉን ሳይከፍት ያስፈሩት። ጀግናችሁን መመዘን ስትፈልጉ መጀመሪያ ጠላቱን መዝኑ። ጠላቱ ሞኝ ከሆነ ጀግናው ምንም ቢዘል የሠፈር ጉረኛ ነው።

ስለ ሾሌ አንድ የቆየ ጠብም ላስታርቅ። ታኩር የሚባለውና ጋባር ሁለት እጁን የቆረጠው የቀድሞ ፖሊስ መጨረሻ ላይ ጋባርን ገደለው ወይስ አልገደለውም? አንዱ «በእግሩ ረግጦ ገደለው» ይላል፤ ሌላው «ፖሊሶች ደርሰው አስጣሉት» ብሎ ይምላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መጀመሪያ የተቀረጸው ፍጻሜ ግድያው ነበር፤ የሕንድ ሳንሱር ሕግ አስከባሪ የነበረ ሰው በገዛ እጁ፣ እዚህ ላይ እንኳ በገዛ እግሩ፣ ሲፈርድ ማሳየት አልፈለገም፤ ፖሊስ የሚደርስበት ፍጻሜ ተቀርጾ ለሲኒማ ቤት የወጣው ያ ሆነ። የመጀመሪያውም ቅጂ ሳይጠፋ ቀረ። እንግዲህ በፊልም ጉዳይ ጓደኛችሁን ውሸታም ከማለታችሁ በፊት የትኛውን ቅጂ እንዳየ ጠይቁት።

አሁን ወደ ድምፅ። በሞተር ብስክሌት እየከነፉ ስለ ጓደኝነት የሚዘፍኑት ጄይና ቪሩ አንዲት ስንኝ እንኳ አልዘፈኑም። የዳርሜንድራ ጉሮሮ ኪሾር ኩማር ነው፤ የአሚታብ ደግሞ ማና ዴይ። በሕንድ ሲኒማ ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል፤ ሲቀረጽ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅና ተዋናዩ ከንፈሩን ያስከትላል። ላታ ማንጌሽካር በተከታታይ ትውልድ ለመጡ ተዋናዮች ስለዘፈነች፣ እናትም ልጅም በአንድ ጉሮሮ ዘፍነዋል ማለት ይቻላል። ለማረጋገጥ የአንገት ሥር ተመልከቱ፦ የምር የሚዘፍን ሰው ረጅም ስንኝ ከመጀመሩ በፊት ደረቱ ይነሳል፣ ከፍ ያለው ድምፅ ላይ አንገቱ ይወጠራል። ተራራ እየወጣ፣ እየጨፈረ፣ ሳያለከልክ የሚዘፍን ሰው ካያችሁ እውነተኛው ዘፋኝ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው።

ፈረንጆቹም ከዚህ አያመልጡም። የስታር ዋርሱ ዳርት ቬደር አንድ ሰው ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1977 ልብሱ ውስጥ የነበረው ዴቪድ ፕሮውስ የተባለ ግዙፍ እንግሊዛዊ ነው፤ ድምፁ የአሜሪካዊው ጄምስ ኧርል ጆንስ። በቀጣዮቹ ሁለት ፊልሞች ሰይፍ ሲማዘዝ የነበረው ቦብ አንደርሰን የሚባል የሰይፍ አሠልጣኝ፤ በ1983 ጭምብሉ ሲነሳ የታየው ፊት ደግሞ የሴባስትያን ሾው። አንድ ክፉ ሰው ለመሥራት አራት ሰው ፈጅቷል። «እኔ የቬደር አድናቂ ነኝ» ለሚል ሁሉ የሚገባው ጥያቄ «ከአራቱ የትኛው?» ነው።

የእኛ ትርጉም ፊልምና በአማርኛ ድምፅ የሚተላለፉ ድራማዎችም የዚሁ ሙያ ዘመድ ናቸው። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ተዋናይ አማርኛ ሲናገር ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሥራው ግን ከሚመስለው በላይ ረቂቅ ነው፤ ድምፅ ለመስጠት የምታስቡ ካላችሁ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ «መ»፣ «በ»፣ «ፐ» እና «ጰ» ከንፈር ካልተዘጋ አይወጡም። ተዋናዩ ከንፈሩን ሲገጥም እናንተ «ሀ» እያላችሁ ከሆነ ተመልካች ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀፈዋል። ሕንዳዊው «ማ» ብሎ እናቱን ሲጠራ «እማ» ማለት የእግዜር ስጦታ ነው፤ «ወላጅ እናቴ ሆይ» ያለ ግን ትዕይንቱን ገደለው። ሁለተኛ፣ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ «አልወድሽም» ይሁን «እወድሻለሁ» የሚለየው እዚያ ነው። ቱርክኛም ሕንድኛም እንዲሁ ስለሆኑ የተዋናዩ ፊት የሚለወጥበት ቦታና የእኛ ቃል የሚወድቅበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። እንግሊዝኛ ግን አሉታውን ቀድሞ ይናገራል፤ ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር የእኛ ተርጓሚ ገና «እኔ አንቺን ከልቤ…» ላይ ነው። መፍትሔው ዐረፍተ ነገሩን መስበር ነው፦ መጀመሪያ «አይሆንም» ብሎ ጥሎ ቀሪውን ማስከተል።

ብሩስ ሊን ሳላነሳ ባልፍ መንገድ ላይ ሰላምታ ትነሡኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በሐምሌ 1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ32 ዓመቱ ሞተ። ካደገ በኋላ ዋና ሆኖ ጀምሮ የጨረሳቸው የድብድብ ፊልሞች 4 ብቻ ናቸው። (ኩንግ ፉ ነው፤ እኛ አገር ግን ቡጢ ያለበት ሁሉ ካራቴ ነው፤ ይሁን።) «አሥራ ሁለት የብሩስ ሊ ፊልም አይቻለሁ» ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ብሩስ ሊን ብቻ ሳይሆን ብሩስ ላይንና ብሩስ ሌን ጨምሮ ነው ያየው። ከሞቱ በኋላ ስሙንና ፀጉሩን የተዋሱ ተዋናዮች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። በ1978 የወጣው፣ ጀምሮት የሞተው ፊልም እንኳ በምትክ ሰዎች ነው የተጨረሰው፤ አንድ ቦታ መስታወት ላይ የተለጠፈ የፊቱ ፎቶ በሌላ ሰው አካል ላይ እንደ ጭንቅላት ሆኖ ይታያል። ካላመናችሁ መስታወቱ ጋ ስትደርሱ አቁሙና እዩት፤ ሳቁ ለአንድ ሳምንት ይበቃል።

የድብድብ ፊልም አዋቂ መሆን ለሚፈልግ ትክክለኛው መሣሪያ የስልክ ሰዓት ነው። አንድ ድብድብ ምረጡና ምስሉ ሳይቆረጥ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ለኩ። ሁለቱም ሰዎች ከራስ እስከ እግር እየታዩ ሦስት አራት ምት ካለ መቆረጥ ከተሰናዘሩ ተዋናዮቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። በእያንዳንዱ ቡጢ ምስሉ ከተቆረጠ፣ ካሜራውም ከተንቀጠቀጠ፣ የተዋጋው ፊልም ቆራጩ ነው። ፍጥነትም ይሰረቃል፦ በሰከንድ 22 ምስል ተቀርጾ በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው ወደ 9 ከመቶ ይፈጥናል። መያዣው ከእጅ ላይ ሳይሆን ከጨርቅና ከአቧራ ላይ ነው፤ የተራገፈ ኮት ከተፈጥሮ ውጪ ቶሎ ከወረደ፣ ከኋላ የሚያልፍ መንገደኛ እንደ ጉንዳን ከተርበተበተ ማሽኑ ተነክቷል።

ጃኪ ቻን ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በሠራው የፖሊስ ፊልም ውስጥ ገበያ ማዕከል መሐል በአምፖል የተጠቀለለ ምሰሶ ይዞ ሲንሸራተት ያንኑ መውረድ በተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ያሳያችኋል። ስሕተት አይደለም፤ «እኔው ነኝ የወረድኩት፣ እዩኝ» ማለቱ ነው። በፊልሞቹ መጨረሻ ላይ የከሸፉትን ሙከራዎች የሚያሳየውም ለዚሁ ነው፤ የፊልሙን ስም ዝርዝር ሳያዩ የሚነሱ ሰዎች የፊልሙን ግማሽ ጣዕም ትተው ይሄዳሉ። በ1986 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ለሞት ደርሶ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ከሕፃንነቱ የሠለጠነ ነው። የፊልም መስታወት ብዙ ጊዜ ከስኳር ወይም ከሙጫ መሰል ነገር የሚሠራ፣ እንደ ብስኩት የሚፈረከስ ነው፤ የሚወድቁበት ቦታ ላይ ከካሜራው ዓይን ውጪ የተደረደረ ባዶ ካርቶን ወይም የአየር ፍራሽ አለ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከላይ ሲያዩት ፍራሽ ይመስላል፤ ከሥሩ ድንጋይ ነው። ከግንብ ላይ እንዳትሞክሩት።

ስለ ካውቦይ ባጭሩ። ክሊንት ኢስትውድን ዝነኛ ያደረገው የ1964ቱ ፊልም ታሪኩ ከጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋ ሳይፈቀድ የተወሰደ፣ አዘጋጁ ጣሊያናዊ፣ ተዋናዩ አሜሪካዊ፣ በረሃው የስፔን ነው። ጃፓኖቹ ከስሰው ካሣ ተቀብለዋል። የኩሮሳዋ የሰባቱ ሳሙራይ ታሪክም በወጣ በስድስት ዓመቱ የሰባት ካውቦይ ታሪክ ሆኖ ብቅ ብሏል። ጀግናችሁን አያቱ ማን እንደሆነ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ከማታስቡት አገር ነው የሚመጣው። የባቡር ከተማ ልጅ ለዚህ አይደነግጥም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ፤ አንድ ሙከራ እንሥራ። ከመቶ ዓመት በፊት ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የሠራው ነው። ጓደኛችሁን ጥላ ውስጥ አቁሙ፣ ስልኩን በደረት ከፍታ አስደግፉ፣ ከካሜራው ትንሽ ወደ ቀኝ የሆነ ነጥብ እንዲያይ ንገሩትና ፊቱን ለ20 ሰከንድ ቅረጹ። ምንም ስሜት አያሳይ፤ «የባጃጅ ተራ የምትጠብቅ ይመስል ቁም» በሉት። ከዚያ ለየብቻ አምስት አምስት ሰከንድ ቅረጹ፦ እንፋሎት የሚወጣው የፉል ሳህን፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ባዶው የለገሃር ሐዲድ። ስልኩ ላይ ባለው መቁረጫ ፊት፣ ፉል፣ ያው ፊት፣ ሕፃን፣ ያው ፊት፣ ሐዲድ እያላችሁ ደርድሩ። ሙከራውን ለማያውቅ ሰው አሳዩ። «መጀመሪያ ርቦታል፣ ቀጥሎ አዝኗል፣ በመጨረሻ ሰው ናፍቆታል» ይላችኋል። ፊቱ ግን አንድ ነው። ካልሠራላችሁ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ጓደኛችሁ ተውኖባችኋል (ሳቅ ያፈነ ጉንጭ ይታወቃል)፤ ፊቱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ፉሉ ፀሐይ ላይ ስለተቀረጸ አንድ ቦታ ያሉ አይመስሉም፤ ወይም ቀጥታ ወደ ካሜራው አይቷል፤ ያኔ ፉሉን ሳይሆን እኛን ያያል። ይህን ከሠራችሁ በኋላ «አክተሩ በዓይኑ ብቻ ያስለቅሳል» ስትሉ ለመቁረጫ ጠረጴዛውም ግማሽ ጭብጨባ ታካፍላላችሁ።

ደብተር ያዙ፤ ባለ 50 ሉኩ ይበቃል። ፊልሙን መጀመሪያ ስታዩ ምንም አትጻፉ፤ ስልክ ይጥፋ፣ ይሳቅ፣ ይለቀስ። ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ 30 ደቂቃ ያህል እዩ፤ ታሪኩ ያለ ድምፅ ከገባችሁ አዘጋጁ ጎበዝ ነው፣ ካልገባችሁ ፊልሙ በምስል የታጀበ ሬዲዮ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስሙት፤ በር፣ ጫማ፣ ንፋስ፣ ዝምታ። ከዚያ አምስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ምረጡና ምስሉ በተቆረጠ ቁጥር አንድ ጭረት አድርጉ። 59 ጭረት ካገኛችሁ 60 ቁራጭ አለ ማለት ነው፤ 300 ሰከንድ ለ60 ሲካፈል አንዱ በአማካይ 5 ሰከንድ ይቆያል። የካሜራ መዞር መቆረጥ አይደለም፤ አንዱ ምስል በሌላው ላይ እየደበዘዘ ሲለወጥ እንደ አንድ ቁጠሩት። ዓይናችሁ ከደከመ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱት። ሁለት የምትወዷቸው ፊልሞች ላይ ይህን ብትሠሩ ለምን አንዱ ልብ እንደሚያንጠለጥል፣ ሌላው ለምን እንደሚያረጋጋ ያለ ክርክር ይገባችኋል።

የሚያረጋጋውን ካነሳሁ፣ እዚሁ ደጃችን የተቀረጸውን አትዝለሉት። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር የሠራችውና እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የታየው «ፋያ ዳዪ» ስለ ሐረርና አካባቢዋ ጫት ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ዓመታት የወሰደ ዘጋቢ ፊልም። ጥይት የለም፣ ማንም ከግንብ አይዘልም። የተለቀመ ጫት ሲታሰር፣ ጢስ ሲወጣ፣ ልጆች ለመሰደድና ለመቅረት ሲያመነቱ ታያላችሁ፤ በመሐሉ የዘላለም ሕይወት ውሃ ስለሚፈልግ ሰው የሚነገር አፈ ታሪክ ያልፋል። አክተሩ እንዳይሞት የተመኘነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (2008) ደግሞ ከወላጆቻችሁ ጋር እዩ፤ ከፊልሙ በኋላ የሚነሳው ወሬ ከፊልሙ አያንስም።

ፊልም ለብቻ በስልክ ማየት ምግብን ቆሞ እንደ መብላት ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሰብሰብ ብላችሁ የምታዩበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። ፕሮጀክተር ስትከራዩ ወይም ስትዋሱ ማንዋሉ ላይ የርቀትና የስፋት ንጽጽር የሚል ቁጥር አለ። 1.5 ካለ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማግኘት ማሽኑ ሦስት ሜትር ይርቃል። ግቢው ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ከፈቀደ ምስሉ 1 ሜትር ከ67 ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አትታገሉት። ኖራ የተቀባ ለስላሳ ግድግዳ ካለ ከአንሶላ ይሻላል። አንሶላ ከሆነ ሁለት ድርብ አድርጉት፤ ነጠላው ብርሃኑን ወደ ጀርባ ያሳልፈውና ምስሉ ይገረጣል። አራቱን ጥግ እሰሩ፤ የታችኛው ጠርዝ ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት አስገቡበት፣ አለዚያ የማታው ንፋስ የአክተሩን ፊት እንደ ሸራ ሲነፋው ታመሻላችሁ። የፊተኛው ረድፍ ከሦስት ሜትር አይቅረብ፤ ጽሑፍ ያለው ፊልም ከሆነ የመጨረሻው ከስምንት ሜትር አይራቅ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተሩብ በፊት አትጀምሩ፤ የምዕራቡ ብርሃን ሳይጠፋ የጀመራችሁት የሌሊት ትዕይንት ግራጫ ጭቃ ነው የሚሆነው። ማሽኑ ከምስሉ መሐል ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥ። ከታች ወደ ላይ ካዘነበላችሁት ምስሉ እንደ ቁና ከላይ ይሰፋል፤ በሜኑ ማስተካከል ቢቻልም ጥራቱ ይቀንሳል፣ ጠረጴዛ ላይ ጠረጴዛ መደረብ ይሻላል። የድሬ ሙቀት ቀልድ አያውቅም፦ ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ አታስቀምጡት፣ ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ፣ የአቧራ ማጣሪያውን ከመጀመራችሁ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ባለ አምፖል ማሽን ስታጠፉ ማራገቢያው እስኪቆም ሶኬቱን አትንቀሉ፤ አምፖሉ የሚሞተው ሲበራ ሳይሆን እንዲህ ታንቆ ነው። የግቢውን ሌላ አምፖል ከኋላ ርቆ አንድ ብቻ አብሩ፤ የእሳት ራቱ ወደዚያ ይሄድላችኋል። አለዚያ ሌንሱ ፊት ያለፈች ቢራቢሮ ግድግዳው ላይ አሞራ ሆና የፍቅር ትዕይንቱን ታቋርጣለች።

ድምፅ ማጉያውን ማሽኑ ጎን ሳይሆን ምስሉ ሥር አኑሩት፤ ሰው ድምፅ ከአፍ እንዲመጣለት ነው የሚፈልገው። በብሉቱዝ ስታገናኙ ድምፁ በጥቂቱ ይዘገያልና ቡጢው ካረፈ በኋላ ነው «ጧ!» የሚለው። በገመድ ካገናኛችሁ ይጠፋል። ፋይሉን በዋዜማው ሙሉውን አዙራችሁ እዩት፤ ግማሹ ላይ የሚቆም ፍላሽ የስንቱን ምሽት አበላሽቷል። በአሮጌ ፊልም ቅጂ ላይ ከላይ በቀኝ ጥግ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ብላ ስትጠፋ ብታዩ ፋይሉን አትውቀሱ። ያቺ የእኛ የኦፕሬተሮች ምልክት ናት። ፊልሙ በጥቅልል ተከፋፍሎ በሁለት ማሽን እየተፈራረቀ ነው የሚታየው፦ ትልቁ የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅልል 600 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት 22 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ ሊያልቅ 8 ሰከንድ ያህል ሲቀረው የመጀመሪያዋ ነጥብ ትመጣና ሁለተኛውን ማሽን ታስነሳላችሁ፣ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ሁለተኛዋ ስትመጣ ትቀይራላችሁ። ሦስት ሰዓት ለሚያልፍ ፊልም እንዲህ እየተባለ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ይቀየራል። ተመልካቹ ካልነቃ ሥራው ተሠራ።

ሳንቡሳና ሙሸበኩ ከፊልሙ በፊት ይበላ፤ በሙሸበክ እጅ ሪሞት አይነካም። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው ከኋላ ይቀመጥ፣ «አሁን እዩ፣ አሁን እዩ» ያለ ደግሞ ሻይ ያፍላ። (እኔ ከላይ የሾሌን መጨረሻ አወጣሁባችሁ፤ ከ1975 ወዲህ ለማየት በቂ ጊዜ ነበራችሁ።)

ለመጀመሪያው ምሽት ምን እናሳይ ካላችሁ «ኩሊ»ን ምረጡ። በማንሞሃን ዴሳይ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ነው፤ አክተሩ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ስለሆነ ድሬ ላይ ማንም አስተርጓሚ አይጠይቅም። ተሸካሚው አሁንም አሚታብ ባቻን ነው፤ ጭልፊት አለው፣ የናስ ቁጥሩ 786 ነው፤ በሕንድ ሙስሊሞች ዘንድ ቢስሚላህን የሚወክል ቁጥር። ሲቀረጽ፣ በሐምሌ 1982፣ አሚታብ ከፑኒት ኢሳር ጋር የድብድብ ትዕይንት ሲሠራ ዝላዩ ሳተና የጠረጴዛ ጠርዝ ሆዱን መታው። ለሞት ደረሰ፤ ሕንድ ሁሉ ጸሎት ያዘ። በፊልሙ ድርሰት መሠረት አክተሩ መጨረሻ ላይ በጥይት ይሞት ነበር። አሚታብ ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ዴሳይ ፍጻሜውን ቀየረው፤ ሕዝብ እንዲያ ለምኖ ያተረፈውን ሰው ፊልም ላይ መግደል አልሆነለትም።

ያ ምት ፊልሙ ውስጥ አለ። እዚያ ስትደርሱ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አሚታብ የተጎዳው እዚህ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ፍላሹ ተበላሸ ብላችሁ ወደ ማሽኑ እንዳትሮጡ፤ ሪሞቱንም የያዘው ልጅ ምንም አይንካ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይቀጥላል።